ወርቅነሽና ስም የሌለው ወረቀት

ነገር ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ኅዳር 12 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጆች፣ ቀኑንም ሰዓቱንም ያዙት። በኋላ ይፈለጋል።

ወርቅነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነው። ቤቷ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ከኢየሱስ ደብር ቁልቁል ሲወርዱ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረው ግቢ ውስጥ ነበር። አባቷ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ጦር ግንባር ከሄደ ዓመት አልፎታል። እናቷ ወይዘሮ እቴነሽ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔዎች ታስረክባለች። ወርቅነሽ አራተኛ ክፍል ናት። ድምፅዋ በጣም ያምር ነበር። በሰንበት ስትዘምር መንገደኛው ሳይቀር እርምጃውን ያዘገያል።

ወርቅነሽ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። ክፉ ሥራ የሚሠራው ክፉ ሰው ብቻ ይመስላችኋል? እንዲህ የሚመስለው ልጅ ካለ ራሱን ይጠርጥር።

አሁን ከማክሰኞ አንድ ቀን ወደ ኋላ እንመለስ። ሰኞ ጠዋት ነው። የወርቅነሽ አስተማሪ መምህር ፈንታሁን ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ይማር ነበር። ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ለዘመቻ ወደ ደብረ ታቦር ተላከ። ዘመቻው ሲያበቃ “ወደ ትምህርቴ መልሱኝ” ብሎ ቢጽፍ መልስ አላገኘም። ስለዚህ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ “ጋሼ” ይሉታል፤ ይወዱታልም።

ያን ጊዜ ተማሪዎች በየጠዋቱ ባንዲራ ሥር ተሰልፈው እጃቸውን እያነሡ “ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!” ይላሉ። የሚወድመው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። ጮኾ መግባት ነው።

ከወርቅነሽ አጠገብ ዘቢባ ትቀመጣለች። ዘቢባ የባለሱቁ የጋሽ ጀማል ልጅ ናት። ጥያቄ አፏ ውስጥ አያድርም። ሰኞ ጠዋት ሰልፉ አልቆ ክፍል እንደገቡ ብድግ አለች።

“ጋሼ፣ በየጠዋቱ ይውደም የምንለው የአሜሪካ ንጉሥ ስሙ ማነው?”

ልጆቹ ሳቁ።

“ንጉሥ የላቸውም” አለ መምህር ፈንታሁን።

“እንዴ! እነሱም ደርግ ነው ያላቸው?”

ልጆቹ ባሰባቸው። መምህሩ ግን አልሳቀም። ወደ ውጭ ተመለከተ። ሄዶ በሩን ዘጋው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ።

“አሜሪካኖች ድሮ ከባሕር ማዶ የሚኖር ንጉሥ ይገዛቸው ነበር” አለ። “ሳያማክር ግብር ጣለባቸው። አቤት ቢሉ አልሰማም። ስለዚህ አምሳ ስድስት ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ ተስማሙ። ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ መንግሥትም ሥልጣን የሚያገኘው ከሕዝቡ ፈቃድ ነው የሚል ወረቀት ነው። ከዚያ ምን አደረጉ?”

“ሸሹ!” አለ ካሳሁን የሚባል ልጅ ከኋላ ወንበር።

“አልሸሹም። ከወረቀቱ ሥር እያንዳንዳቸው ስማቸውን ጻፉ። ንጉሡ ቢይዛቸው ይሰቅላቸው ነበር። እያወቁ ነው የጻፉት።”

ቀጥሎ “ድስት በስንት ጉልቻ ይቆማል?” አላቸው።

“በሦስት!”

“የነሱም መንግሥት በሦስት ጉልቻ ነው የቆመው። አንዱ ሕግ ያወጣል። አንዱ ሕጉን ያስፈጽማል፤ የዚያ አለቃ ፕሬዚዳንት ይባላል። ሕዝብ መርጦ ለአራት ዓመት ያስቀምጠዋል። አንዱ ደግሞ ይፈርዳል። አንዱ ጉልቻ በሌላው ላይ ልውጣ ቢል ድስቱ ይደፋል።”

“ፕሬዚዳንቱ ዳኛውን ቢያስረውስ?” አለ ካሳሁን።

“አይችልም።”

“ጠመንጃ የለውም?”

“አለው። ከጠመንጃው በላይ ግን ሕጉ የተጻፈበት ወረቀት አለ።”

ካሳሁን ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸመው። “ፈረንጅ ድሮ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ድረስ መጥቶ መድፍ ነው የሠራልን። ያን ወረቀት ምነው ሳይሠራልን ቀረ?”

ሳቁ ሲያበቃ ዘቢባ እንደገና ተነሣች።

“ፕሬዚዳንቱ ዘመኑ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል?”

“ቤቱ ይገባል።”

“ሳይገደል?”

“ሳይገደል።”

ይህን ማመን ለልጆቹ ከበዳቸው።

መምህሩ ቀጠለ። “በነሱ ሕግ ሰው በወደደው እምነት ይጸልያል። ሹሙን የተቸ አይታሰርም። የተከሰሰ ሰው ደግሞ ከሳሹን በዓይኑ ሳያይ አይፈረድበትም። ይህ የመጨረሻው ለእናንተ አዲስ ነው?”

“አዎ!”

“አይደለም። አያቶቻችሁን ጠይቁ። ወርቅነሽ፣ ዘቢባ፣ እስቲ ኑ።”

ሁለቱን ልጆች ከፊት አቆማቸው። የአንዷን ነጠላ ጫፍ ከሌላዋ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረው።

“ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ልብሳቸው ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ተከሳሹ አይሸሽም። ከሳሹም አይደበቅም። ከዳኛው ፊት ሲደርሱ አንዱ ‘ተጠየቅ!’ ይላል። ሌላው ‘ልጠየቅ!’ ይላል። በሉ ሞክሩ።”

ዘቢባ ወገቧን ያዘች። “ተጠየቂ! ቆሎዬን የበላሽው አንቺ ነሽ!”

“ልጠየቅ!” አለች ወርቅነሽ። “ቆሎሽ ራሱ ነው ዘሎ አፌ የገባው!”

ያን ዕለት የተሳቀውን ያህል በዚያ ክፍል ተስቆ አያውቅም።

መጨረሻ ላይ ግን መምህሩ ፊቱን አጠቆረ። “አንድ ነገር ልጨምርላችሁ” አለ። “ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ከፈረሙት ሰዎች ብዙዎቹ ቤታቸው ባሪያ ነበራቸው። ወረቀቱ ላይ እኩል፤ እርሻው ላይ ጅራፍ። ስለዚህ ወረቀት ሲነበብላችሁ ቶሎ አትመኑ። ማን ጻፈው? ስሙ የት አለ? የጻፈበት እጅ ሌላ ጊዜ ምን ይሠራል? ብላችሁ ጠይቁ።”

ደወል ተደወለ። ትምህርቱ አበቃ። ልብ በሉ፤ “አሜሪካ ትሻላለች” አላለም። “ትብሳለች”ም አላለም። ጠይቁ ነው ያለው።

በማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። ያን ቀን ቤት ይጠረጋል፣ ጥራጊው ደጅ ላይ ተከምሮ ይቃጠላል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ነው። ድሮ የልጆች ደስታ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሰው የጎረቤቱን ጭስ በጎን ያይ ጀመር። የሚቃጠለው ቅጠል ነው ወይስ ወረቀት? ወረቀት ያቃጠለ ሰው የሚደብቀው አለው ይባላል። ጭስ እንኳ የሚጠረጠርበት ዘመን ነበር።

ወርቅነሽ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ደጃቸውን ጠርጋ እሳት ለኩሳ ቆማለች። እናቷ ፈትል ልታደርስ ሄዳለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አለሙ ካኪውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ከእሳት እሳት ሲዞር ነው የዋለው።

“ምንድን ነው የምታቃጥይው?”

“ገለባና ቅጠል ነው፣ ጓድ አለሙ።”

አመዱን በዱላው ቆሰቆሰው። ወረቀት አላገኘም። ቅር ያለው መሰለ።

“አንቺ ያቺ ጥሩ ድምፅ ያላት የእቴነሽ ልጅ አይደለሽም?”

ወርቅነሽ አንገቷን ደፋች። ግን ፈገግ አለች።

“ቅዳሜ ሳምንት የኪነት ቡድናችን ጎንደር ሊሄድ ነው። በመኪና። ከፊት ቆማ የምታቀነቅን ልጅ አጥተናል። ሸራ ጫማ አለው። ቀይ ስካርፍ አለው።”

ወርቅነሽ እግሯን አየች። ባዶ ነው። መኪና ደግሞ ሲያልፍ አይታ እንጂ ተሳፍራ አታውቅም።

“እኔ ልሁን!”

“የሚመረጠው ለአብዮቱ ታማኝ የሆነ ልጅ ነው። ታማኝ ነሽ?”

“ነኝ!”

“እንግዲያው ንገሪኛ። መምህራችሁ ትናንት በር ዘግቶ ምን አስተማራችሁ?”

ልጆች፣ እዚህ ላይ እንቁም። በሩ መዘጋቱን ማን ነገረው? ወርቅነሽ ይህን መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም። የምታስበው ጫማውን ነበር።

ነገረችው። ጉልቻውን፣ ፕሬዚዳንቱን፣ ቁራኛውን ነገረችው።

“ይሄማ ተረት ነው” አለ ጓድ አለሙ። “አሜሪካ ከኛ ትሻላለች አላለም?”

ወርቅነሽ እንዳላለ ታውቃለች። ጓድ አለሙ ጎንበስ ብሎ እግሯን በስንዝሩ ለካ። “ልክሽ የሆነ ጫማ አይጠፋም” አለ። ቀና ብሎም ጠበቃት።

“ብሏል” አለች።

አንዲት ቃል ናት። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በዓለም ላይ አልነበረችም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን የሚመልሳት አልተገኘም። ጭሱ በከተማው ላይ ተጋድሞ ነበር። ጓድ አለሙ የደረት ኪሱን ዳሰስ አድርጎ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ክፍል ገቡ። መምህር ፈንታሁን ጠመኔውን አስቀመጠ። እጁን አራገፈ።

“ማነው የከሰሰኝ?” አለ።

“ትደርስበታለህ” አሉት።

ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ልጆቹን አየ። ዓይኑ በእያንዳንዱ ፊት ላይ አለፈ። ወርቅነሽ ጋ ሲደርስ እርሳስ የወደቀባት መስላ ጎንበስ አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሉ ውስጥ ልጅ ልጅን አያምንም። ማን አወራ? ሁለት ልጆች ካንሾካሾኩ ሦስተኛው ይጠረጥራል። ብቻውን የተቀመጠ ካለም ለምን ብቻውን ሆነ ተብሎ ይጠረጠራል። በመጨረሻ ጥርጣሬው ማረፊያ አገኘ። ዘቢባ ላይ አረፈ።

“ጥያቄውን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ” አላት ካሳሁን። “አውቀሽ ነው ያናገርሽው። ጋሼን በምን ለወጥሽው? በስኳር?”

“ወላሂ እኔ አይደለሁም!”

“የነጋዴ ልጅ!”

ልጆቹ ከአጠገቧ እየተነሡ ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ለጋሽ ጀማልም እንዲሁ ሆነ። ሰው ሱቁን እያለፈ ሌላ ሱቅ መሄድ ጀመረ።

ሐሙስ ዕለት ጫማው መጣ። ሰማያዊ ሸራ ነው። ወርቅነሽ አደረገችው። ልኳ ነበር። እናቷ ስትፈትል ቀና ብላ አየችው፤ እንዝርቷንም አቆመች።

“ይህን ማን ሰጠሽ?”

“የኪነት ቡድኑ። ድምፄን ወደውት ነው፣ እማ።”

“ድምፅሽ አምናም ነበረ” አለች እናቷ። “አምና ጫማ አልሰጡሽም። ምን ሰጥተሽ ነው?”

ወርቅነሽ አለቀሰች። ሁሉንም ነገረቻት። ወይዘሮ እቴነሽ ዘላ የልጇን አፍ በእጇ ከደነችው።

“ዝም! ይህን ለወፍ እንዳትናገሪ። አባትሽ ግንባር ነው። እኔና አንቺ ማን አለን?” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። “ሰኞ ወደ ጎንደር ሊልኩት ነው ይባላል። ተልኮ የተመለሰ ደግሞ አላየንም።”

በእናቷ አትፍረዱ፣ ልጆች። በዚያ ዘመን ፍርሃት የማይገባበት ቤት አልነበረም።

ዓርብ ዕለት ዘቢባ ብቻዋን በተቀመጠችበት ወርቅነሽን ጠራቻት።

“ወርቄ፣ አንቺም እኔ ነኝ ትያለሽ?”

ወርቅነሽ አዲሱን ጫማ ከወንበር ሥር አሸሸችው። “አላውቅም” አለች።

አያችሁ? የመጀመሪያዋ ሐሰት ብቻዋን መኖር አትችልም። እህቷን ትጠራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወርቅነሽ ወደ ደብሩ ወጣች። ከአጸዱ ሥር ጎረቤታቸው አያ ሙላቴ ተቀምጠዋል። አያ ሙላቴ በወጣትነታቸው በሙግት የታወቁ ነበሩ። ሰው ነገር ሲገጥመው ከሦስት ቀን መንገድ ይፈልጋቸው ነበር። አሁን ፀሐይ ይሞቃሉ።

“አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?”

“ጠይቂ። በካርድ የሆነው ስኳርና ጨው ነው፤ ጥያቄ ገና ነው።”

“ከሳሽ ቢደበቅ ምን ይደረጋል?”

“ቁራኛ ያልገባ ክስ፣ ክስ አይባልም። ሐሜት ነው።”

“ከሳሹ ልጅ ቢሆንስ?”

ሽማግሌው አዩዋት። ቀጥሎ ጫማዋን አዩ።

“ለእግር ልክ አለው” አሉ። “ለቃል ግን የልጅ ልክ፣ የአዋቂ ልክ የለውም፣ ልጄ። ከወጣ ወጣ ነው። ያወጣው አፍ ሄዶ ይመልሰው።”

“ቢፈራስ?”

“ይፍራ እንጂ! አትፍራ ያለው ማነው? እየፈሩ መሄድ ነው።”

እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ያን ጊዜ ስብሰባ ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ነበር የሚጠራው። የቀረ ሰው ስሙ ይጻፋል። ስለዚህ ከተሜው ሁሉ በቀበሌው ግቢ መሬት ላይ ተቀምጧል። መምህር ፈንታሁን ጋቢ ለብሶ፣ እጁ ከፊት ታስሮ ቆሟል። በአራት ቀን ውስጥ ከስቷል።

ጓድ አለሙ ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ።

“አንደኛ፣ አሜሪካ ከኢትዮጵያ ትሻላለች ብሏል። ሁለተኛ፣ የአብዮቱ መፈክር የሞኝ ጩኸት ነው ብሏል። ሦስተኛ፣ የመሪዎችን ሥዕል ቅደዱ ብሎ ተማሪዎችን አነሣሥቷል። አራተኛ፣ ከአሜሪካ በምስጢር ደብዳቤ ይቀበላል።”

ወርቅነሽ በጣቷ ቆጠረች። አራት መስመር ነው። እሷ የተናገረችው አንዱን ነው። ሦስቱ ከየት መጡ?

“ከወረቀቱ ሥር የማን ስም አለ?” አለ መምህር ፈንታሁን።

“የሰፊው ሕዝብ!” አለ ጓድ አለሙ።

አያ ሙላቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። “ሰፊው ሕዝብ ይኸው እዚህ ተቀምጧል፣ ጓድ። እኔ አልፈረምሁም። ጀማል፣ አንተ ፈርመሃል?”

“አልፈረምሁም፣ አያ” አሉ ጋሽ ጀማል።

“አንቺስ፣ እቴነሽ?”

ወይዘሮ እቴነሽ መሬት መሬት እያየች “እኔም አልፈረምሁ” አለች። ድምፅዋ እንደ ክሯ ቀጥኖ ነበር። ግን ሁሉም ሰማው።

“ይቀመጡ፣ አባት!” አለ ጓድ አለሙ። “የድሮ ሙግት አብቅቷል። ከሳሽ አለ። ታማኝ ነው። ማንነቱ ግን አይነገርም።” ይህን ሲል ዓይኑን ወደ ጋሽ ጀማል ላከ። የሰው ሁሉ ዓይን ተከተለው። አጠገባቸው የተቀመጡት ፈንጠር ፈንጠር አሉ። ዘቢባ በአባቷ ክንድ ሥር ገባች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱ። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች በአሥር እርምጃ ላይ ቆመው ነበር።

ወርቅነሽ ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱን አጠጋግታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ስትነሣ እናቷ ነጠላዋን ያዘች። ተያዩ። ከዚያ የእናቷ ጣቶች ቀስ ብለው ተላቀቁ።

“ወዴት ነው?” አለ ጠባቂው።

ሄዳ የመምህሩን ጋቢ ጫፍ ያዘች። ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ልትቋጥረው ሞከረች። ቋጠሮው ተፈታ። ሁለተኛ ቋጠረችው። ያዘ።

“አያ ሙላቴ፣ ተጠየቂ ይበሉኝ” አለች።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተክለው ቀና አሉ። በዚያች ከተማ ያ ቃል ከተሰማ ስንት ዓመት ሆኖታል!

“ተጠየቂ!” አሉ።

“ልጠየቅ! ስሜ ወርቅነሽ ነው። የእቴነሽ ልጅ ነኝ። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ጓድ አለሙ ጠየቁኝ። ትሻላለች ብሏል አልሁ። ጋሼ እንደዚያ አላለም። ጫማ ስለፈለግሁ ነው። የተናገርሁት አንዲቱን ነው። እሷም ሐሰት ናት። ሦስቱን አላውቃቸውም። ዘቢባ ምንም አላደረገችም።”

ሰው ሁሉ ወደ ሁለቱ አንገቱን አሰገገ።

“ልጅ ናት!” ብሎ ጮኸ ጓድ አለሙ። “ሰው መክሯት ነው! የልጅ ወሬ አይሰማም!”

“አሁን ታማኝ ናት ስትል አልነበረም?” አለ መምህር ፈንታሁን። “እዚህ እስክትደርስ ልጅ ሆነች?”

አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሌላ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ግቢውን ሞላው። ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ ሳቅ ነበር።

መምህሩ ግን አልሳቀም። “የአንደኛው መስመር ከሳሽ ቁራኛዬ ሆና ቆማለች” አለ። “የሦስቱ ከሳሽ የት አለ? ይነሣና ጫፉን ይስጠኝ። ማን ጻፋቸው?”

ጓድ አለሙ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈው። የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ኪሱን ቆለፈው።

“ስብሰባው አብቅቷል” አለ።

የተነሣ ሰው አልነበረም። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ሰው ሁሉ እንደተቀመጠ ቆየ። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

“ይቅር በሉኝ፣ ጋሼ” አለች ወርቅነሽ።

መምህር ፈንታሁን የታሰረ እጁን አንሥቶ ራሷ ላይ አኖረው። “ይቅር ብዬሻለሁ። ቋጠሮውን ፍቺው። ላንቺ አብቅቷል።”

ፈታችው።

ሰኞ ዕለት እስረኞችን ወደ ጎንደር የሚወስደው መኪና መጣ። መምህር ፈንታሁን ግን አልተጫነም። ክሱ በሕዝብ ፊት ከተጋለጠ በኋላ ሊወስደው የደፈረ አልነበረም። ሕይወቱ ተረፈች። ሆኖም አልተፈታም። እዚያው ደብረ ታቦር፣ ፍርድ ሳያገኝ ስድስት ዓመት ታሰረ።

ከፊት ቆማ ለማቀንቀን ሌላ ልጅ ተመረጠች። ቅዳሜ የኪነት ቡድኑ መኪና ሲሄድ ወርቅነሽ ከዳር ቆማ አየችው። ባዶ እግሯን ነበረች። አላለቀሰችም። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ ስብሰባው በዋለ በሁለተኛው ቀን ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ፣ ዘቢባ ከሩቅ ወንበሯ ተነሥታ መጣች። አጠገቧ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ ከወርቅነሽ ነጠላ ጋር ቋጠረችው።

“ተጠየቂ!” አለቻት። “የቆሎው ነገር ግን ገና ነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው ለመምህሩ ስንቅ ያመላለሱት እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዳንዴ ከእነ አያ ሙላቴ ቤት፣ አንዳንዴ ጋሽ ጀማል ከይፋግ ገበያ ሲመለሱ ከሚያመጡት። ካሳሁንም በኋላ መጥቶ ዘቢባን ይቅርታ ጠይቋል። ይህም ይጻፍለት።

መምህር ፈንታሁን በ1977 ዓ.ም. ተፈታ። ጠጉሩ ሸብቶ ነበር። ለምን እንደታሰረ የነገረው የለም፤ ለምን እንደተፈታም የነገረው የለም። የሕግ ትምህርቱን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። አሁንም አንድ ዓመት ቀርቶታል።

ደርግም ሄደ። ካኪው ወለቀ። ጓድ የነበረው አቶ ሆነ። ዛሬ አቶ አለሙ ነጭ ጋቢ ለብሶ ቅዳሴ ላይ ከፊት ይቆማል። ሰላምታው ያማረ ነው። ስለዚያ ወረቀት ሲጠየቅ “ያ ጊዜ አለፈ” ይላል። ጊዜውስ አለፈ። ቋጠሮ ግን በእጅ እንጂ በጊዜ ብዛት አይፈታም።

እንግዲህ ልጆች፣ ከዚህ የምትይዙት ይህ ነው፦ በሰው ላይ በሐሰት አትመስክሩ፤ ተሳስታችሁ ከመሰከራችሁ ደግሞ በገዛ ስማችሁ፣ በሰውየው ፊት ቆማችሁ እውነቱን መልሱ።

አንዲት ልጅ ይህን በአሥር ዓመቷ፣ በባዶ እግሯ ችላዋለች። ለአንዲት ቃሏ ተጠይቃለች። አንተስ፣ አለሙ? በሩ መዘጋቱን ማን ነገረህ? ሦስቱን መስመር ማን ጻፋቸው? የመምህሩ ጋቢ ሌላኛው ጫፍ እስከ ዛሬ ባዶውን ነው። የነጩን ጋቢህን ጫፍ ይዘህ ና። ስምህን ተናገር። ተጠየቅ!